ዘንበል ያለችው እንጨት

ጥቅምት 19

ምንይችል፣ ዛሬ እንግሊዝኛ ነበረን። እንዳያመልጥህ ልንገርህ። ስላሽ ይባላል። በሁለት ቃላት መሀል የምትገባ ዘንበል ያለች ጭረት። ቲቸር ሙኽታር «በአማርኛ እዝባር የምንላት ናት» አለ። «ግን በአማርኛ ፊደል ትውጣለች። ገብረማርያምን ገ/ማርያም ታደርገዋለች። እንግሊዝኛ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሙሉ ቃላት ጎን ለጎን ታቆማለች። ከሁለቱ አንዱ ማለት ነው። አንዳንዴም ሁለቱም።» ግራና ቀኟ ክፍት ቦታ አይተውላትም። የግጥም ስንኞችን በአንድ መስመር ስትደረድር ብቻ ነው የሚተውላት።

ብትኖር ከኋላ አንድ ነገር ጣል ታደርግ ነበር። «ቲቸር፣ ይቺ ነገር ንፋስ የገፋት የሰሊጥ አገዳ አትመስልም?» ምናምን... ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

መጽሐፉ ለሁለት አንድ አይደል የደረሰን? የቤት ሥራውንም እንደ ድሮው በአንድ ወረቀት ሠራሁት። ከላይ ስማችንን ጻፍኩ። ምንይችል/ባየልኝ።

አያምርም?

ጥቅምት 20

ትናንት እንዳለህ አድርጌ ጻፍኩልህ። ወባው ሳምንት እንኳ አልሰጠህም። መስከረም መጨረሻ ቀበርንህ። እኔ ወንድምህ ራሴ አፈር አልብሼሃለሁ። አውቃለሁ... እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።

ማታ ማታ አንዱዓለም እኔ ዘንድ ያድራል። ከክፍላችን ልጆች ሁሉ እሱን መርጣ እማየ ናት አደራ ያለችው። «ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም» ብላ። ሲያንኮራፋ ቤቱ ይነቃነቃል።

ጥቅምት 24

ወረቀታችን ተመለሰ። ቲቸር ሙኽታር ሁሉም እስኪወጡ አስቀረኝ።

«ባየልኝ፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም ሁለቱም ብዬ ነበር። አንተ የትኛውን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ሁለቱንም።»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። መልሶ አደረገ። «እሺ» አለ። «ሂድ።»

ደጅ አንዱዓለም ወረቀቱን ነጠቀኝ። «ስምንት ከአሥር! ለሟቹ ስንት ደረሰው? ነው ወይስ እኩል ትካፈላላችሁ?» ሊያስቀኝ ነበር። ፊቴን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ጥቅምት 27

አንዱዓለም የወረቀቱን ነገር ለአከራያችን ለእትየ ባየሽ ነገራት። ለክፋት አይደለም፣ ፈርቶልኝ ነው። እሷ ደግሞ ለእማየ ደወለች፣ በስማቸው መሀል ዘንበል ያለች እንጨት አለች ብላ። ምን አገባቸው?

ጥቅምት 29

እማየ ከእርሻው በትራክተር ተሳቢ ላይ ሆና እዚህ ሽንፋ ገባች። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ፣ ሳይራገፍ ጥላው ነው የመጣች። አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም።

«ዕቃህን ሰብስብ።»

«ለምን እማየ?»

«የሙት ስም ከሕያው ስም ጎን አይጻፍም። ይስብሃል ልጄ።»

«የቤት ሥራ ነው እኮ...»

«አንዱን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም። ትምህርቱ ይቅር።»

ይቅር። እንዲህ በቀላሉ? እርሻው ላይ እንጀራ አይጠፋም፣ ሰሊጥም ማሽላም አለ። ግን አንድ ጊዜ አቋርጦ የተመለሰ ማን አለ? እኔ አላየሁም።

ዕቃውን መሰብሰብ ጀምራለች። ያንተን ጫማ አንሥታ ቆየች... መልሳ አስቀመጠችው።

ጥቅምት 30

ቲቸር ሙኽታር ሰምቶ ቤት ድረስ መጣ። እማየ መቀመጫ ሰጠችው፤ ፊቷን ግን አልፈታችለትም።

«እርስዎ ነዎት የፈቀዱለት አሉ።»

«አዎ፣ እናቴ። ብከለክለው ክፍል መምጣቱንም የሚተው መስሎኝ ነው። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው።»

ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «እንግዲያው ስሙን ብቻውን ይጻፍ። አሁን፣ ዓይኔ እያየ። ከጻፈ ይቆያል። ካልጻፈ ነገ ይዤው እሄዳለሁ።»

ወረቀት አመጣሁ። እማየ ፊደል አትለይም። ያንተን ስም ብጽፍ አታውቅብኝም ነበር። ቲቸርም ወደ በሩ ዞሮ ነበር፣ አውቆ ይመስለኛል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ያንተን ብጽፍ እኔ የት እገባለሁ? የኔን ብጽፍስ አንተ?

ባየልኝ ብዬ ጻፍኩ። የአባየን ስም አላሳጠርኩትም፤ አጭሩ ላይም ያቺ ጭረት አለች። ገብረማርያም።

እማየ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችበት።

«ያቺ ዘንበል ያለች እንጨት የለችም?»

«የለችም እማየ።»

ትስቃለች፣ ትመርቀኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የምንይችልን ስም የፋቅነው አሁን ነው፣ እሷና እኔ። ቲቸር ሳይሰናበት ወጣ።

ኅዳር 1

እማየ ሄደች። ሰሊጡ ሜዳ ላይ እየረገፈ ነው። አንዱዓለምንም አባቱ ለእርሻው ወሰደው። «እትየ ባየሽ ግቢው ውስጥ አለች፣ ብቻዬን አድራለሁ» አልኳት። ተሳቢው ላይ ሆና እስክትርቅ ወደ ኋላ ታየኝ ነበር።

ኅዳር 2

በጊዜ ነቃሁ። ማንንም አልቀሰቀስኩም።

ጆኩን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ፊት ሲታጠቡ አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ይታጠባል። ወንድሜ ነበር የሚያፈስልኝ። ሆን ብሎ ውሃውን ማጅራቴ ላይ ይለቀው ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ አንዱዓለም፣ ሰሞኑን ደግሞ እማየ አፈሰሱልኝ። ዛሬ ቆምኩ። እትየ ባየሽን ልጥራት? አፌን ከፍቼ ተውኩት።

በግራዬ አፈሰስኩ፣ በቀኜ ታጠብኩ። ግማሹ ደረቴ ላይ ወረደ። ሳሙናው ዓይኔ ገባ፣ ጆኩን ማስቀመጥም አቃተኝ፣ እንደዚያው ጨፍኜ ቆየሁ። እንደገና አፈሰስኩ። ሳሙናው ለቀቀ።

ሸሚዜ ሳይደርቅ በሩን ቆልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።