ስለ ሃያ አምስቱ ማይል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የበረሃው የሕዝብ መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለአቶ ዊልበር ክሮስቢ
አሪዞና

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? ባለፈው ሳምንት እኛ ሰፈር ድረስ መጥተው በየመኪናው መስታወት ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሲለጥፉ ጎንበስ ቀና ማለቱ አድክሞዎት ስላየሁ፣ እውነቱን ልናገርና አንጀቴን በልተውት ነበር።

እኔ አርዲስ ቬንጋርድ እባላለሁ። ሞንታና ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በረዶው ሲጀምር ማደሪያም ማብሰያም የሆነችኝን ቤት መኪናዬን አስነሥቼ ወደ እርስዎ በረሃ የምወርድ፣ የብርዱን ወራት ያለ ቆጣሪና ያለ ቧንቧ በፀሐይ ኃይልና በአንድ በርሜል ውሃ የማሳልፍ ሴት ነኝ። አብረውኝ የሰፈሩት ባለ ቤት መኪኖች አሥራ አንድ ሲሆኑ፣ «ልጁ» እያልን የምንጠራው የሁሉም ታናሽ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ቅሬታችንን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ የወከሉኝ እነሱ ናቸው።

፩ኛ፦ ሕጉ በአንድ ቦታ ከአሥራ አራት ቀን በላይ መስፈርን ስለሚከለክል፣ ዐይን እስከሚደርስበት ከቁልቋልና ከድንጋይ በቀር አንዳች በሌለበት ሜዳ ላይ እንሽላሊቶቹን እንዳናጣብብ አስበው፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለዳ ፊታችንን ሳንታጠብ ስለደረሱልን ከልብ እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ጎረቤቴ ሽማግሌው ኤልደን ሩድ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ሲሆን፣ የቤት መኪናቸው ጎማዎች ደግሞ እስከ ግማሻቸው አሸዋ ውስጥ ሰምጠው ነበር። ልጃቸው ማርሊስ ከሰሜን ዳኮታ ደውላ «አባዬ፣ አንድ የቅጣት ወረቀት ብቻ ይድረስህና መኪናውን ሸጬ አረጋውያን ማቆያ ነው የማስገባህ» ብላ እንደማለችባቸው ነግረንዎት፣ አራት ቀን ብቻ እንዲታገሡን በትሕትና ለምነንዎት ነበር። እርስዎም በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ እናቴ» አሉኝ። እናቴ ስላሉኝ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን እኔ ወልጄዎት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አሳድግዎት ነበር።

ስለዚህ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በመጥበሻ ቆፈርን። የቧንቧ ሠራተኛ የነበረው ሌስተር በመኪናው እየጎተተ፣ የቀረነው ከኋላ እየገፋን አንድ ሰዓት ሙሉ ስንለፋ ቤት መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሌስተር ሄዶ በመስኮት አየና «አንተ ሽማግሌ፣ እግርህ እኮ ፍሬኑ ላይ ነው» ሲላቸው፣ ኤልደን «ድንገት ሲሄድ በአፍጢማችሁ እንዳትደፉ ብዬ ነዋ» አሉ። ከዚያ በኋላ የገፋነው በሳቅ ነው፤ ወጣም።

፫ኛ፦ ቀናችን ሲሞላ ከቀድሞው ሰፈር ሃያ አምስት ማይል እንድንርቅ ሕጉ በሚያዘው መሠረት፣ በመኪናችን ቆጣሪ ለክተን ከሰፈርን በኋላ፣ በማግስቱ መጥተው ርቀቱ በመንገድ ሳይሆን በቀጥታ መስመር እንደሚለካ፣ መንገዱ ተራራውን ስለሚዞር የሄድነው አሥራ ዘጠኝ ብቻ እንደሆነ አስተማሩን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸው ነው። ካርታዎን በእኔ መኪና አፍንጫ ላይ ዘርግተው፣ የኮምፓስዎን ጫፍ የድሮው የእሳት ማንደጃችን ላይ ተክለው፣ ዙሪያውን አንድ ውብ ክብ አሰመሩ። ከክቡ ውጪ ባለው የሕዝብ መሬት ሁሉ ለአሥራ አራት ቀን መስፈር እንደምንችል ጽፈው ፈረሙልን፤ ለኤልደንም ልጃቸው እንድታየው ብለን ስንለምንዎት «ምንም ጥፋት የለባቸውም» የሚል ጨምረው ማኅተም አሳረፉበት።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ካርታውን አስተውለን ስናየው፣ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ያለው ለጥ ያለ የሕዝብ መሬት የጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ሆኖ አገኘነው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ኤልደንማ ጥርሳቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ ይወድቅብኛል ብለው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደስታው አስረሳኝ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከመስኮትዎ አርባ እርምጃ ርቄ ነው። ደንቡ ጄኔሬተር ማስነሣት የሚፈቅደው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ፣ አሥራ ሁለታችንም ልክ በሰዓቱ እናስነሣለን። ሌስተር አኮርዲዮን የሚለማመደው እርስዎ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ሦስት ዘፈን ያውቃል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። መጋረጃዎን ዘግተው እንደሚሠሩ አስተውለናል። የታጠበ የውስጥ ልብሳችን አሳፍሮዎት ከሆነ፣ ገመዱን ለመወጠር የሚመች ከባንዲራዎ ምሰሶ ትይዩ በቀር ሌላ ቦታ ባለመገኘቱ ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሕጉን በቃሉ ላስጠኑን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮምፓስዎም የማይደንዝ ጫፍ እየተመኘሁ፣ በጥላዎ ሥር በሰላም የምኖር ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

አርዲስ ቬንጋርድ
ስለ አሥራ ሁለቱ ቤት መኪኖች

ሳልረሳው፦ ማኅተም ያለበት ወረቀትዎና ኤልደን በጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ ለማርሊስ ደርሷታል። «አባዬ፣ መንግሥት ደጅ ላይ ከሆንክማ ምን አሳሰበኝ፣ ቁልፉን ያዝ» ብላቸዋለች። ደግ ኃላፊ መሆንዎን ከፊርማዎ ስላወቀች፣ አባቷ የደም ግፊት ኪኒናቸውን መዋጣቸውን በየጠዋቱ በራቸውን አንኳኩተው እንዲያዩላት አደራ ብላለች። ኤልደን ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቁዎታል፤ ጆሯቸው ደከም ስለሚል ጠንከር አድርገው ያንኳኩ።