ቢምቢዋ ከሰማይ ያየችው ስጥ

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከአሊፑር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ፣ ትልቁን ወንዝ በጀልባ ተሻግሮ፣ ደጃፍሽ ድረስ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? የእናቴ ጉልበት ተሻለው? አባቴስ ሲያስለው አሁንም በጎረቤት ጭስ ያመካኛል? ዳክዬዎቹ እንቁላል ጀመሩ ወይ? እኔ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ። እስቲ መጀመሪያ የእጅ ጽሑፌን ተመልከቺ! ጸሐፊ የቀጠርኩ እንዳይመስልሽ። ራሴው ነኝ፤ ያ የወንድሜን ደብዳቤ ገልብጦ ይዞ «እያነበብኩ ነው» ሲል የሳቅሽበት ሰው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ሆሪፖዶ ባቡ ከሥራ በኋላ አሥራ አንዳችንን ያስተምረናል። በስድስት ወር ጨረስኩ። ባቡ «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎኛል። አብሮኝ የሚሠራው አፈ ክፉው ጎፉር ግን «ምስጋና መስሎህ ነው?» ይለኛል። ቅናት ነው።

ለምን እንደተማርኩ ልንገርሽ? ጃፓኖች ገብተው ደብዳቤው ሳይቋረጥ፣ ወንድሜ ከራንጉኑ የሩዝ ወፍጮ ሲጽፍ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለሽ ታነቢ ነበር። መሃል ላይ ግን ጥቂት መስመር ትዘያለሽ፤ ጆሮሽ ይቀላል። የተዘለለው ምን እንደሚል ለማወቅ ነው። ቀልዴን ነው። ይህን ለብቻሽ አንብቢው። በፖስታ ያልላክሁትም ወታደሮቹ እየከፈቱ ስለሚያነቡ ነው፤ የሚያመጣልሽ የጎፉር አጎት ፊደል አይለይም።

አሁን ስለ እሷ፣ ስለ አውሮፕላኗ ልንገርሽ። ስሟ ቢምቢ ነው። እኛ ዕድሜያችንን ቢምቢ ስንገድል ኖርን፣ እንግሊዞች ሠርተው አመጡልን። ከእንጨት ናት እትዬ፤ ክንፏም ሆዷም እንጨት፤ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ሰው። መትረየስ የላትም፣ ቦምብ የላትም። ሆዷ ውስጥ ካሜራ ብቻ ነው ያለው። አይታ መሸሽ ነው ሥራዋ። ለመሸሽ ደግሞ ገላዋ መለስለስ አለበት፤ እዚህ ላይ እኔ እመጣለሁ። በሰም እወለውላታለሁ። አብራሪው ፔንዳር «ያንተ ጨርቅ ግማሽ ሞተር ነው» አለኝ። ለሰው ስናገር አንድ ሙሉ ሞተር አድርጌዋለሁ።

በተጓዘች ቁጥር አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ነጭ ካሜራ እሥላለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለቱን የሣለው ሌላ ሰው ነው፤ ጠማማ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ጅራቷ በጥይት ተበስቶ መጣች፤ አናጺዎቹ እንደ ጀልባ ለጠፏት። በሃያ ስድስተኛው በአንድ ሞተር እያነከሰች ገባች። ፔንዳር ወርዶ መሬቱን ሲስም ጎፉር በቋንቋችን «መሬቱ ምን አደረገ፣ እንጨቷን ሳም እንጂ!» አለው።

ሠላሳ አንደኛው ነው የእኔ ጣጣ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሻምበል ሃርግሪቭ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ሻይ የሚያደርሰው ሰው ታሞ ስለነበር ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ሻምበሉ በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብሎ ያጉተመትማል። ከራንጉን በታች፣ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ነው፤ ሜዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ረዳቱን «ድንኳን ነው? በርሜል ነው?» ይለዋል። አንገቴን አስግጌ አየሁ። እትዬ፣ ስጥ ነው! የተቀቀለ ሩዝ ቀን ተሰጥቶ፣ ሲመሽ ተከምሮ፣ ጠዋት ገና ሳይበተን። ክምሮቹም በመስመር አልተሰለፉም፤ እንደ አዲስ ጨረቃ ጎብጠው ጀርባቸውን ለወንዙ ነፋስ ሰጥተዋል። እንደዚያ የሚከምር ማን ነው? አባቴ «ቦታ ታባክናለህ!» እያለ የሚጮኸው በማን ላይ ነበር?

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ ነኝና «ጌታዬ፣ ሩዝ ነው! የወንድሜ ስጥ ነው! የወፍጮው የስጥ አለቃ እሱ ነው፣ ሠላሳ ሰው ያዛል!» አልኩ። ሻምበሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ፕሮፌሰር!» አለኝ። «ታዲያ ወፍጮው እየሠራ ነው ማለት ነው?» ሲለኝ «ይሠራል እንጂ! ወንድሜ ያለበት ወፍጮ መቼ ይቆማል?» አልኩት። ሦስት ቀን «ፕሮፌሰር» እየተባልኩ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። ወዲያውኑ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። ወረቀት የለም አልኩ ለራሴ። ወረቀት ሞልቷል።

በስድስተኛው ቀን ቦምብ ጣዮቹ ሄዱ። ለጃፓን ወታደር ሩዝ የሚፈትግ ወፍጮ ተገኝቷላ። በማግስቱ ቢምቢ ውጤቱን ልታይ ሄደች። በፎቶው ላይ ጣሪያ የለም፤ የጭስ ማውጫው ተጋድሟል፤ የስጡ ሜዳ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ብሩሼን ይዤ አፍንጫዋ ሥር ቆምኩ፤ ካሜራዋን መሣል አቃተኝ። ጎፉር «ምን ሆነሃል፣ ምላስህን ዋጥከው?» ብሎ ነጠቀኝና ሣላት። ሠላሳ ሁለተኛዋ ዳክዬ ትመስላለች።

በዚያው ሳምንት አባቴ በሰው እጅ ያስጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። ወንድሜ ከጠፋ በመጪው ዓመት አራት ዓመት ይሞላዋል፤ ሽማግሌዎቹ እንደሞተ ይቆጠራል ብለዋል፤ እሷም ከቤታችን እንዳትወጣ አንተ አግባት፣ ይላል። ራሴ አነበብኩት። ሰባት ጊዜ። አንቺ ምን እንዳልሽ አልተጻፈበትም።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልችልም። ይህን ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ የቢምቢን ክንፍ ነክቼ ተመልሻለሁ። አንድ ሰው «ወፍጮውን ሆን ብለህ ነው ያስመታኸው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሆን ብዬ አይደለም እትዬ። ግን መልሱን ደጋግሜ ስለማመደው ራሴን አገኘዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከአርባ አንደኛው ጉዞዋ ስትመለስ ሻምበሉ አስጠራኝ። «ፕሮፌሰር፣ ና እስቲ ይህን እይልኝ» አለ። ያው ግቢ ነው። ፍርስራሹ መሃል አንድ ጥግ ተጠርጓል፤ እዚያ ላይ ሰባት ትናንሽ ክምሮች አሉ። እንዴት እንደተደረደሩ አልጽፍልሽም፤ ታውቂዋለሽ።

«ይሄስ የወንድምህ ነው?» አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አመድ ነው ጌታዬ» አልኩ። «የተቃጠለ ገለባ ነው፤ ገበሬ ወስዶ እርሻው ላይ ይበትነዋል። ወንድሜማ ቢሆን እንዲህ አይደረድርም።»

ሻምበሉ አየኝ፣ አየኝና «እርግጠኛ ነህ?» አለ። «ያውቁኛል ጌታዬ፤ የማላውቀውን አልናገርም» ስል ረዳቱ በሳቅ ፈነዳ። ሻምበሉ ግን ሳይስቅ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ። የእንግሊዝኛ ንባብ አልተማርኩም።

ቦምብ ጣዮቹ በተነሱ ቁጥር ጨርቄን ጥዬ እቆማለሁ። ወዴት እንደሚሄዱ ማን ይነግረኛል? ቢምቢ እንደሆነች ከእንግዲህ አታይም። እርጥበቱ እንጨቷን አላቁጦታል፤ አናጺው በአውራ ጣቱ ሲጫናት ሰረጎደች። ከሥራ ውጭ ናት ተባለ፤ ሞተሮቿን አውልቀው ወሰዱ። ሌላ መጥታለች፤ ከነገ ጀምሮ እሷን እወለውላለሁ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ያነበብሽውን ለእናቴም ቢሆን አትንገሪ፤ ወሬው እዚህ ከደረሰ ሻምበሉ ፎቶውን እንደገና ያወጣዋል። ባል እንደሞተባት የአፍንጫ ጌጥሽን አታውልቂ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እምቢ ያለው የባሌ ወንድም ነው በያቸው። «ፊደል ቆጥሮ ጠግቧል፤ ካልካታ ውስጥ ጫማ የምታደርግ አይቷል፤ የገጠር ሴት አላገባም ብሏል» በያቸው። ያምኑሻል፤ ስለ እኔ እንዲህ ያለውን ማመን ማንንም አይቸግርም። አባቴ ይራገም። አንቺም ፊታቸው ብትሰድቢኝ ጥሩ ነው፤ ስድቡን ታውቂበታለሽ።

መልስ አትጻፊልኝ። ከጻፍሽም አጭር አድርጊው፤ ረጅም ከሆነ በቃሌ ለመያዝ ብዙ ቀን ይፈጅብኛል።

አላህ ቤቱን ይጠብቅልሽ፤ ለእናቴ ጤና፣ ለአባቴ ትዕግሥት ይስጥልኝ፤ የምትጠብቂውንም በእግሩ አቁሞ ደጃፍሽ ያግባልሽ፤ አሜን።

የባልሽ ታናሽ ወንድም