የእናትሽ ኦርኪድ ሥር

ለእህቴ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፦

እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ? አብራሽ የምትኖረው ልጅ አሁንም ታንኮራፋለች ወይስ አንቺም ለምደሽ አብረሽ ታንኮራፊያለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። አክስትሽም ደህና ናት፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ «እውነቱን ጻፍላት» እያለች ትጠብቀኛለች።

እውነቱማ ይህ ነው። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች «የእናትሽ ኦርኪድ ደህና ናት» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

እናትሽ ከማረፏ በፊት የዛፍ ቅርፊት ላይ በክር አስራ የሰጠችኝን አበባ ታስታውሻለሽ፤ ቅጠሏ ሩዝ የሚያክል፣ አበባዋ ከምስር የማይበልጥ። «አጎቴ፣ በሰዓት መጠገኛ ማጉያ መነጽርህ ካልሆነ አትታይም፤ ላንተ የተፈጠረች ናት» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ባያት፣ ሥሮቿ ሁሉ አመድ መስለዋል። አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን የማውቀው ግራጫ ነገር ወይ አቧራ ነው ወይ ዝገት። በወረንጦ እየያዝኩ አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። ኮርቼም አክስትሽን «ነይ እይ፣ አዲስ አደረግኳት» አልኳት።

የሰፈራችን አበባ ሻጭ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ጋሼ፣ የኦርኪድ ሥር ሲደርቅ እኮ ግራጫ ነው፤ ውኃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። የቆረጡት ደህናውን ነው» አለችኝ። እናትሽ ከልጅነታችን ጀምሮ «እጅህን ሰብስብ» ትለኝ ነበር።

ከዘጠኝ ቅጠል ሁለት ቀርተዋል፤ አንዱም ቢጫ ሆኗል። በብርጭቆ ከድኜ ጠዋት ጠዋት ውኃ እረጭባታለሁ። ሻጯ «አዲስ ሥር ካላወጣች አትተርፍም፤ አይጠብቁ» ብላለች። እኔ ግን በየቀኑ አያታለሁ። ትናንት ጢሜን ስላጭ ሮጬ ሄጄ ባያት አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ ብላለች። አክስትሽን ጮኼ ጠራኋት። በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻትና «የፊትህ ሳሙና ነው» አለች። ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ፊቷን አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ለእረፍትሽ የምትመጪው አበባዋን ለማየት እንደሆነ ስለጻፍሽ ነው ዛሬ የምነግርሽ። ስትመጪ ምናልባት ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው የምታገኚው። ክሩን ግን አልነካሁትም፤ እናትሽ የቋጠረችው እንዳለ ነው።

ወንድምሽን ጢም ካበቀለ ጎትተሽ ሳሚልኝ። ለአንኮራፊዋም ሰላም በያት። አክስትሽ ጉንጭሽን ስማሻለች። ብትቆጪኝም ነይ።

አጎትሽ
ከሰዓት መጠገኛው ጠረጴዛ፣ ኅዳር ፱ ቀን