ጭላዳ የሚወጣበት አፋፍ

ጥቅምት 3 ቀን 2002፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ማሳ ላይ ነኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ሁለት ጊዜ ወጡ፤ ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። ገብሱ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ እነሱም ያውቃሉ። ደብተሬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብሽ። መስመሩ ቢንጋደድ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው።

ወሬ አለ። ደባርቅ የጎብኚ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ወደ ፓርኩ ለመውጣት ቀን የሚያጥራቸው እንግዶች አሉ፤ አንድ ሌሊት አድረው ወደ አክሱም የሚያልፉ። ለእነሱ በግማሽ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት አንድ ቦታ ይመረጣል። ቦታውን የሚያስጎበኝ አንድ የአካባቢው ሰውም አብሮ ይሰየማል። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድሜ። ጡረታ ወጥቶ ዳባት የተቀመጠው መምህር። ፈ. እያልኩ ልጻፈው፤ ሙሉ ስሙ ቀለም ይፈጃል።

ቦታው ደግሞ እዚሁ ነው። የተቀመጥኩበት አፋፍ። ከደባርቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። ማሳው ያልቅና መሬትም ያልቃል። ከታች የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የጭነት መኪናው ጉንዳን ያክላል። ከዚያ ወዲያ ቆላው፣ ተራራ ከተራራ ጀርባ፣ ዓይን እስኪደክም። አሞራ ከእግሬ በታች ይበርራል። አሞራን ቁልቁል እያየ የኖረ ሰው ስንት አለ?

ወጡ ደግሞ። መጣሁ።

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ደባርቅ ደርሼ መጣሁ። በእጄ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ኮሚቴው ጽ/ቤት አስገባሁ፤ ቦታው አፋፌ፣ አስጎብኚዋም እኔ እንድሆን። በሃምሳ አራት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት፣ በስድሳዋ ማመልከቻ አስገባች። ጻፉልኝ ብዬ የለመንኩት ሰው የለም።

የአስጎብኚዎች ማኅበር አለቃ አስማማው እዚያው ነበር። ሠላሳ ያልሞላው፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚወርድ ጎረምሳ። ወረቀቴን አገላብጦ አየው።

«እማማ፣ ማን ጻፈልዎት?»

«እጄ።»

«እጅዎ መቼ ተማረ?»

«ጭላዳ ሲተኛ» አልኩት። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ልጁ ክፉ አይደለም። ብቻ ቦታዬን ሊበላብኝ ነው። የሱ ምርጫ ከመኪና መንገዱ ዳር ያለች ጉብታ ናት። ከመኪና መውረድ፣ ሃያ እርምጃ፣ ፎቶ፣ መመለስ። ሃያ እርምጃ ለመራመድ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ካለ አላውቅም።

ፈ. ገጼን ጮክ ብሎ አነበበ። የአስተማሪ ድምፅ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ኮሚቴው በ12 የአስማማውን፣ በ13 የኔን ያያል። አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል።

ጥቅምት 10

መንገድ ሳበጅ ዋልኩ። እሾህ መነጠርኩ። ጎርፍ በበላው በኩል ድንጋይ ደረደርኩ፤ ደረጃ አወጣሁለት። ማሳዬን በእኩል የሚያርስልኝ ጎረቤቴ አያ መልኬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። ማን ሊመጣ ነው አለኝ። እንግዳ አልኩት። ምን ሊያዩ አለኝ። ጭላዳ አልኩት። «ጭላዳ? ይኸን የሚግጠንን ጭላዳ?» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። አልፈርድበትም።

ስለ ጭላዳ ካነሳሁ አይቀር ልጻፈው፤ ጽፌው አላውቅም። አባቴ አንድ ጠዋት እኔንና ፈ.ን እዚህ አፋፍ ላይ አቆመን። አንዱ ት/ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ገብስ ይጠብቃል። እኔ ታላቅ ነበርኩ። ፊደሉም ያማረኝ እኔን ነበር። አባቴ ግን ወደ ገደሉ ጩኹ አለን። ፈ. ጮኸ፤ ድምፁ ከአፋፉ አላለፈም። እኔ ጮኽኩ። ማዶ ያለውን ገደል መታና ተመልሶ መጣ። በዚያው ተፈረደ።

በማግሥቱ ፈ. ቦርሳ ያዘ። እኔ ድንጋይ።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት። ጭላዳ በመጠበቅ እንደኔ የሆነ የለም፤ ይህን የሚጠላኝም አይክደውም። የጎረቤቱ ማሳ ተግጦ ሲውል የኔ አንድ ዘለላ አይጎድልም።

ጥቅምት 13

ምን ብዬ ልንገርሽ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አምስት የኮሚቴ ሰዎች፣ አስማማው፣ ለሙከራ ያመጧቸው ባልና ሚስት ፈረንጆች። እኔ ፊት ፊት። መንገዱ ንጹሕ፣ ሰማዩ ንጹሕ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። አስማማው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ቁልቁል አየ። እኔ ደረቴ ነጠላዬን ሊቀድደው ደረሰ። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ።

ወጡ። መጀመሪያ ወንዱ፤ ጎፈሩን ንፋስ የሚበትነው፣ ደረቱ ቀይ። ኋላው ሴቶቹ፣ ልጆቻቸውን አዝለው። ሴትዮዋ ካሜራዋን ቀስ ብላ አነሳች። ወንዱ እጁን ወደ ገብሱ ዘረጋ።

የቀረውን ያደረገችው እጄ ናት። ድንጋዩን መቼ አነሳሁት? መቼ ጮኽኩ? ማዶው ገደል ሲመልሰው ነው የኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት። መንጋው በሙሉ ቁልቁል ፈሰሰ። አንድ ጅራት አልቀረም። ሴትዮዋ ካሜራዋን እንደያዘች ባዶ ሣር ታያለች።

አስማማው ሆዱን ይዞ፣ «እማማ እናኑ፣ እኛን የጠሩን ሊያሳዩን ነው ወይስ አብረው ሊያባርሩን?» አለ። ፈረንጁ ሳይተረጎምለት ሳቀ። «የኔ ጉብታ ላይ ያሉት ከመኪና እንኳን አይሸሹም» አለ አስማማው። እውነቱን ነው።

ፈ. መሬት መሬት እያየ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት አንድ ጊዜ ደግመን እንይ አለ። ለኔ አዝኖ ይሁን በኔ አፍሮ አላወቅኩም። እንዳላውቅም ፈለግኩ።

ጥቅምት 14

መጻፍ አልፈልግም።

ከሰዓት። እሺ። ቦታው እንደሆነ ጥሩ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በማውቀው ሙያ። ገብስና ጭላዳ ባንድ ላይ ሳይ እጄ ፈቃድ አይጠይቀኝም። ስድሳ ዓመት የሞላት እጅ እንዴት ትመከራለች?

ጥቅምት 16

ያለ ድንጋይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁለት እጆቼን በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር።

ብቅ አሉ። አዩኝ። ወረዱ።

አያ መልኬን ካፖርቱን ለመንኩት፤ እሱን ልመስላቸው። ለብሼ ተመለስኩ። ብቅ አሉ፣ አዩኝ፣ ወረዱ። አያ መልኬ ራሱ በመካከላቸው ቢያልፍ ዞር ብለው አያዩትም። ልብሴን አይደለም፣ እኔን ነው የሚፈሩት። ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ፣ አትሳቂብኝ፣ ደስ አለኝ። ይህ ሁሉ መንጋ ፊቴን ያውቃል። ደባርቅ ላይ ከዚህ የበዛ ሰው አያውቀኝም።

ጥቅምት 18

ገብሱ እዚያ እያለ እጄ አታርፍም። ስለዚህ የጫፉን ገብስ በእሸቱ ልጨደው አልኩ። ለአያ መልኬ ነገርኩት፤ ግማሹ የሱ ነው።

«ዐሥር ቀን ብትታገሺ ይደርሳል እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«እኔ ዐሥር ቀን የለኝም።»

«ጭላዳ ነው ያሳበደሽ።»

«የጫፉን እሸት እንዳለ አንተ ውሰደው።»

ማጭዱን አመጣ። ያጨድነው ከአፋፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። እያጨደም አጉረመረመ፤ ልጆቹ ግን ማታውን እሸት ጠበሱ።

ጥቅምት 21፣ ማርያም

በዓል ነው፤ ማጭድ አይነሳም። መቀመጥ ግን የተከለከለ ሥራ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ።

ዛሬ አንዲት አሮጊት ጭላዳ ወጣች። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። አየችኝ፤ አልወረደችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሣር መንቀል ጀመረች። ሌሎቹ ከጠርዙ ሥር ራሳቸውን እያወጡ እሷን ያያሉ። ሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ ሳልኩ፤ አለቀ።

ጉንፋን የያዘኝን ቀን ረገምኩ።

ጥቅምት 28፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አሁን እዚሁ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፤ ቀስ ብዬ፣ ቀና ሳልል። ዙሪያዬን ናቸው። ቅርቡ ከኔ ዐሥር እርምጃ ላይ።

እስከ ዛሬ የማላውቀውን ልንገርሽ። ሣሩን በጣታቸው እየለቀሙ ነው የሚበሉት፣ አረም እንደምታርም ሴት፣ በሁለት እጅ፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ። ሲበሉ ያወራሉ። የጉሮሮ ወሬ፣ አንዷ ስትል ሌላዋ ትመልሳለች። አንዱ ሕፃን የእናቱን ጠጉር ይዞ ሲንጠለጠል ወደቀ። ማንም አልሳቀበትም። እኔ ልስቅ ነበር፤ አፌን ያዝኩ።

ሃምሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ ስል ኖርኩ። የማውቀው ጀርባቸውን ነው። ሲሸሹ። ፊታቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ያህል ዘመን ምን ስጠብቅ ነበር? ተይው። ይህ ዛሬ የሚጻፍ አይደለም።

ኅዳር 4

ፈ. መጣ። ብቻውን፣ ከዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሩ። ከኮሚቴው ጋር የመጣበት ሳይቆጠር፣ በጥበቃ ወራት እዚህ ማሳ ሲመጣ፣ ቦርሳ ከያዘ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው አሳሰበው፣ ግን ተቀመጠ። ጭላዳዎቹ ለሱ ደንግጠው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወጡ።

ኋላ እንዲህ አለኝ።

«እታለም፣ ት/ቤት ስንሄድ ድምፅሽ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ልጆቹ የማን ነው ሲሉኝ፣ አላውቅም እላቸው ነበር።»

ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ጭላዳዎቹ አጠገባችን ስለነበሩ አልቻልኩም።

ቀጠለ። ኮሚቴው ወደ አስማማው ጉብታ ያደላል አለ። እነሱ እንቢ እንዳይሉ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለ፤ ቦታው ያንቺው ሆኖ አስማማው ቢያስጎበኝበትስ። እንግሊዝኛ ይችላል። አንቺ ከዳር ትቀመጫለሽ።

በሹክሹክታ፣ «ጭላዳ እንግሊዝኛ ይሰማል?» አልኩት።

«እንግዶቹ ይሰማሉ፣ እታለም።»

«እንግዶቹ ዝም እንዲሉ ነው የምፈልገው።»

ሳቅ አፈነው። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ሲሄድ ዞር ብሎ አፋፉን አየ፣ እኔን ሳይሆን።

እንደ ድሮው አልጠላሁትም። ይቅርም አላልኩትም። ሁለቱም እውነት ነው።

ኅዳር 13

ተፈጸመ። ከመጀመሪያው።

ኮሚቴው ያው አምስት ሰው፣ አስማማው፣ ሌሎች ሦስት ፈረንጆች። ከአፋፉ ሃያ እርምጃ ሲቀር አስቆምኳቸው። ጎንበስ በሉ፣ እንቅስቃሴ የለም፣ ዓይን ለዓይን ማየት የለም አልኩ። ፈ. ተረጎመው። ሁሉም ሣር ላይ ተቀመጡ፤ ከረባት ያሰረው የጽ/ቤቱ ሰው ጭምር። አስማማው ብቻ ቆሞ ለፈረንጆቹ ያብራራል። መንጋው ከጠርዙ ሥር ቆመ፤ ራሳቸው ብቻ ይታያል።

«አስማማው፣ ተቀመጥ።»

«ይቺን ልጨርስ፣ እማማ።»

«በኋላ ትጨርሳለህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

ጆሮዋ የተቀደደችው አሮጊት መጀመሪያ ወጣች። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዱ፣ ከዚያ ሁሉም። ቆጥሬ አልጨረስኩም። መካከላችን ገቡ። አንዷ የባለ ከረባቱ ጫማ አጠገብ ሣር ነቀለች፤ ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ ቀረ። ከፈረንጆቹ አንዱ ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ረሳው። ከታች የሊማሊሞ ጉም ይነሳል። በፈ. ሰዓት አንድ ሰዓት ሙሉ። የሚሰማው የሣር መበጠስ ብቻ ነው።

እጆቼን አላሰርኳቸውም። ጭኔ ላይ ነበሩ፤ ተኝተው።

ስንመለስ አስማማው ከጎኔ መጣ። «እማማ እናኑ፣ የኔን ጉብታ እኮ ቀበሩት» አለኝ። አፈር ላልብሰው እንዴ አልኩት። እስከ ከተማ እየሳቅን ሄድን። በሕይወቴ ደባርቅን እንዲህ ቀና ብዬ ገብቼባት አላውቅም።

ኅዳር 16

ወረቀቱ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ጣቴን እያስኬድኩ።

የተመረጠው ቦታ፦ የጭላዳ አፋፍ። አስጎብኚ፦ የአስጎብኚዎች ማኅበር። የማሳ ጠባቂ፦ ወ/ሮ እናኑ። ከታች የፈ. ፊርማ፣ ያማረ፣ የተጠማዘዘ። ፈርመሽ እስከ እሑድ መልሺ ይላል።

ጠባቂ።

አሁን ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

አያ መልኬ ቤት ደርሼ መጣሁ። ከመጪው ክረምት ጀምሮ የጫፉን ሠላሳ እርምጃ አታርሰውም አልኩት። ለሣር ይተዋል፤ የቀረውን እንደ ልማዳችን እረስ።

«አባትሽ ከመቃብሩ ይነሳል» አለኝ።

«ይነሳ። መቀመጫ አለው።»

ብዙ ተከራከረ፤ መሬቱ ጥሩ መሬት ነው፣ ገብሱም ጥሩ ገብስ ነው፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የለፋሁበት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ያንቺ ነው፣ አንቺ ታውቂያለሽ አለ።

የኮሚቴውን ወረቀት ሳልፈርም እመልሰዋለሁ። ከሱ ጋር የማስገባው ይህ ነው፤ ላንቺም ልገልብጥልሽ።

«ለኮሚቴው። የላካችሁት ደርሶኛል። ከአፋፉ እስከ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ከእንግዲህ ገብስ አይዘራም። ገብስ በሌለበት የሚጠበቅ የለም፤ ስለዚህ ጠባቂ አልሆንም። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አፋፉ ላይ አለሁ። አስማማው መጥቶ ቢተረጉም ደስ ይለኛል፤ ተቀምጦ።»