ባትሪ የሌላት መለኪያ

አባዬ፣

ሬሳህ ከሃና ከተማ በጭነት መኪና ጂንካ ከገባ አስራ አንድ ዓመት ሆነ። ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ያየሁትን ነገር ከማንም በላይ ለአንተ መንገር አማረኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ከጎፋ መጥተህ በገዛ እጅህ የገነባኸው ቤት እንዳለ ነው፤ ጣሪያውን ብቻ ቀይረናል። እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ወንድሜ በረከት ወይጦ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆኗል። የአንተ ስኳር በሽታ እሱንም ይዞታል፤ የጣቱ ጫፍ በመርፌ ብዛት እንደ አንተ ጣት ሻክሯል። እማዬ በየጠዋቱ ትደውልና "ዛሬ ስንት ሆነ?" ትለዋለች። ቁጥሩን ሳትሰማ ቁርስ አትቀምስም።

ከጋሽ መርዕድ ጋር ግን እንደተኳረፈች ቀርታ ነበር። ሃና ላይ አብራችሁ ትምህርት ቤት ስትገነቡ በእሱ እጅ ነው ያለፍከው። ከቀብርህ በኋላ ደጁን አልረገጠችም። "ስኳር እንዳለበት እያወቀ ወባ ነው ብሎ አስተኛው" ትል ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ሲላት አንገቷን ብቻ ነቅንቃ ታልፋለች።

ሐሙስ ዕለት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ መምህር አዲስ የስኳር መለኪያ ሊያሳየን እኛን የላብራቶሪ ሠራተኞችን ጠራን። እማዬ የስኳር ነገር መሆኑን ስትሰማ አብሬ ካልሄድኩ አለች፤ ይዣት ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ ከነቆዳው የተቆረጠ የፍየል ሥጋ ነበር። መምህሩ ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ ነገር አሳየን፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። ቆዳውን ሰንጠቅ አድርጎ ከሥሩ ከተታትና መልሶ ሸፈናት። ወደ ውጭ የሚወጣ ምንም ገመድ የላትም። ባትሪም የላትም።

"ባትሪ ከሌላት በምን ትሠራለች?" አለች እማዬ።

"እማማ፣ ኃይሏን የምታገኘው ከዚህች ማንበቢያ ነው" አለና መዳፍ የምታህል ሰሌዳ አነሳ። "ማንበቢያዋን ስናስጠጋ ኃይሉ ቆዳውን አልፎ ይደርሳታል፤ እሷም የስኳሩን መጠን ትነግረናለች። ስናርቃት ዝም ትላለች።"

አስጠጋ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ወጣ። ከዚያ ስኳር የሟሟበት ውሃ በሲሪንጅ ከቆዳው ሥር ጨመረና ጠበቅን። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ። እኔ ስንት ዓመት የሰው ደም ስመረምር የኖርኩት፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ።

"እስቲ ድገመው" አለችው እማዬ። ደገመው። ይህን ጊዜ መዳፏን በሰሌዳውና በሥጋው መካከል አስገባች። ቁጥሩ አልጠፋም።

"በእጄ ውስጥ አልፎ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

እጇን አገላብጣ አየችው። "ጌታ ሆይ፣ ምንም አልተሰማኝም እኮ" አለች በቀስታ።

መምህሩ አላጋነነም። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በጠባሳ ይከበዋል፤ ለሰው እስክትሆን ገና ብዙ ሥራ ይቀራል አለን። ለበረከት ትድረስለት አትድረስለት አላውቅም።

ስንመለስ እማዬ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ገበያው ታጠፈች። "ወዴት ነው?" አልኳት።

"መርዕድ ቤት። ለማየት ይሄ ሁሉ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ነገር እሱ በምን ዓይኑ ያየው ነበር?"

ጋሽ መርዕድ ሲያያት ብድግ አለ፤ ተቀመጡ ማለትን እንኳ ረሳ። እማዬ ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱም አስራ አንድ ዓመት የያዘውን አወጣው።

"ላብ አጥምቆት ይንቀጠቀጥ ነበር። ወባ መሰለኝ። ሻይ ስጠኝ፣ ስኳር አብዛበት አለኝ። እኔ ስኳር ይገድለዋል ብዬ ያለ ስኳር ሰጠሁት።"

አባዬ፣ ስኳርህ ወርዶ እንደነበር ወዲያው ገባኝ። ያ የጠየቅኸው ሻይ ሊያተርፍህ ይችል እንደነበርም ገባኝ። እማዬም በበረከት ምክንያት ይህን ታውቃለች። ትጮህበታለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እጁን ያዘችው።

"ያኔ እኔም ብሆን ያለ ስኳር ነበር የምሰጠው" አለችው።

ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ስለ አንተ ሲያወሩ አመሹ።

የሚያድንህን ራስህ አውቀህ ጠይቀህ እንደነበር አሁን አወቅን። ለበረከት ነግሬዋለሁ፤ እሱም ወይጦ አብረውት ለሚያስተምሩት ነግሯል። እኔም ስኳሩን ሊያስለካ ለሚመጣ ሁሉ፣ ለአስታማሚውም ጭምር፣ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሰጡት እነግራለሁ። "አባቴ ግንበኛ ነበር" ብዬ ነው የምጀምረው። ሥራዬን እስክተው፣ ከዚያም በኋላ፣ እንዲሁ ብዬ እጀምራለሁ።

ልጅህ ትዕግሥት