ያልታጠበው ሰሌዳ

ልጄ ዴዳሂ፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ፍየሎቹን ሳጠጣ የሸህ ያህዲህ ባለቤት ሳልካ መጣች። «የዴዳሂ እናት፣ ሸሃችን ሄዱ» አለችኝ። አባትህ ከሞተ ወዲህ ያስተማሩህ፣ የመከሩህ ሰው አሁን ከተምር ዛፎቹ ወዲያ አሸዋው ውስጥ ተቀብረዋል።

በእጇ ቁርአን የተማርክበትን የእንጨት ሰሌዳህን ይዛ ነበር። ሰሌዳ የሚታጠበው የተጻፈበት በቃል ከተሰማ በኋላ ነውና፣ የጻፉልህን የመጨረሻ ትምህርት ሳታሰማቸው ወደ ስፔን ስለሄድክ፣ ስድስት ዓመት ሳይታጠብ ድንኳናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል። አንድ ቀን አፍሬ ላጥበው ብነሳ፣ «ተይው አንቺ ሴትዮ! ባለቤቱ ሳያሰማኝ ይታጠባል እንዴ? ወይስ አንቺ ልታሰሚኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

«ሸሃችን፣ ልጁ እኮ ረስቶታል» አልኳቸው።

«እኔ አልረሳሁትም» አሉኝ።

አሁን እኔ ጋ ነው። የእጃቸው ጽሑፍ ስለሆነ ልነካው እንኳ አልደፍርም። ፎቶውን የሳልካ ልጅ በስልክ ይልክልሃል። እባክህ በቃልህ ያዘውና ደውለህ አሰማኝ፤ ያኔ አጥቤ ውኃውን ቀብራቸው አጠገብ አፈሰዋለሁ። ብርድ ልብስ ደርበህ ተኛ።

ደብዳቤውን አብረውህ ለሚኖሩት ልጆችም አንብብላቸው። ልጆቼ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ለሸሃችን ዱዓ አድርጉላቸው፤ አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው በሉልኝ።