የሁለተኛው የጠያቂ ካርድ ወራሽ

እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የሰባት ቁጥር አልጋ ታካሚ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ በወሩ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አእምሮዬ ከመጋረጃው ወዲያ ከሚጨቃጨቁት ከአጎቴና ከአክስቴ አእምሮ በእጅጉ የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ ነገ ጠዋት ትርፍ አንጀቴ በቀዶ ሕክምና ስለሚወጣ፣ ቃሌን ነርሷ እየጻፈችልኝ እናዘዛለሁ።

አንደኛ፤ ሕመሜን «የፈተና ፍርሃት ነው» ላለችው አክስቴ፣ ትርፍ አንጀቴን በብልቃጥ አውርሻታለሁ። ሳሎን ታስቀምጠውና ለእንግዳ ስለ ፈተና ታስረዳበት።

ሁለተኛ፤ «ነፋስ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ለገለጠው አጎቴ፣ ጋዜጣውን ትቼለታለሁ። «ጓደኛ ጊዜ ከመብላት በቀር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለቃ ስለሆነ ሠራተኞቹ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቁለታል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው አላገኘም፤ ውጤቱን እያያችሁት ነው።

ሦስተኛ፤ መጽሐፎቼና ብስክሌቴ በጥርሷ ማሰሪያ ምክንያት «ሽቦ» ብለን ለምንጠራት ጓደኛዬ ይሁኑ። በስልክ ሳቃስት ሰምታ «በቀኝ በኩል ነው? አንቺ ደደብ፣ ተነሺ ሐኪም ቤት!» ያለችኝ እሷ ናት። የሒሳብ መልሴን ሳሳያት «እስቲ አስረጂኝ» ትላለች፤ ሳስረዳ ስህተቴን ራሴ አገኘዋለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ዘመዶቼ «በርቺ» ብለው ወደ ምሳቸው ሄዱ። እሷ ግን ቁጭ ብላ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ።

አራተኛ፣ ዋናው፤ ለአንድ በሽተኛ የሚፈቀደው የጠያቂ ካርድ ሁለት ነው። ሁለቱንም እነዚህ ጉዶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወንበሩ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ሽቦ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆማለች፤ መጠየቂያው አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ለእነሱ ብነግር ምክር ይሰጡኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ በምስክርነት የሚፈርም አዋቂ ካርዱን ወዲያው ለሽቦ ለማስረከብ ተስማምቷል። አጎቴ የሚፈርመውን አንብቦ አያውቅም።

የተናዛዧ ፊርማ፦ ፈርሜአለሁ።

አንደኛ ምስክር፦ አጎት። («የቱ ጋ ነው?» ብሎ ፈረመ። አራተኛውን ሳነብለት «ይቺን ልጅ!» አለ፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ ፊርማዬን አልሽርም» ብሎ ካርዱን አወለቀ። — ነርሷ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ሽቦ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ የገባች። አንብቤዋለሁ። ነገ ካልነቃሽ እኔው ነኝ የምገድልሽ።